የግራ ቦቲዬ ዕረፍትና ማጠፊያ ያለው ሳጥን

ሐምሌ 6

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፣

የግራ እግሬ የጎማ ቦቲ ባደረበት ድንገተኛ መስጠም ትናንት ጠዋት ከዚህ ዓለም በሞት መለየቱን የማስታውቅህ በጥልቅ ሐዘን ነው። ሟች ከቀኝ መንትያው ጋር ሆኖ በታማኝነት ያገለገለ፣ ቀዳዳ የማያውቅ፣ በማንም ላይ ክፉ ያልዋለ ቦቲ ነበር። አስከሬኑ አልተገኘም። ልፈልገው እጄን እስከ ክርኔ ሰድጄ የጨበጥኩት ሌላ ነገር ነው፤ ለብ ያለና የሚያሟልጭ ነበር። ምን እንደሆነ እኔም አላጣራሁ፣ አንተም አትጠይቀኝ። ለቅሶ የተቀመጥኩት በአንድ እግሬ ቆሜ ነው።

እንዴት ከረምክ? እኔ ከሽታዬ በቀር ደህና ነኝ። ላሞቹም ደህና ናቸው፤ እነሱ እንኳ በዚያ መንገድ ሲነዱ ፊታቸውን ያዞራሉ። በስልክ የማላዋራህ ለምን እንደሆነ ታውቃለህ፤ እማዬ ድምፅ ማጉያውን ታስከፍትህና ካልጋዋ ሆና ሁለታችንንም ትዳኘናለች። ስለዚህ ይህን ያደረሰልህ ወተት ጫኙ ሾፌር ነው፣ መልስህንም ለእሱ ስጠው። ወረቀቱ ከሸተተህ ይቅርታ። እጄን ታጥቤ ነው የጻፍኩት። ደጋግሜ ታጥቤ።

እማዬ እንዴት ወደቀች ላልከው መልሱ፦ ሳንቃው ነው። በረግረጉ ላይ የተጋደመው መሻገሪያ ሳንቃ ተነቃነቀና ጣላት፣ ዳሌዋም ተሰበረ። ራሷ ያለችው ይኸው ነው፤ ከዚህ በላይ አትመርምረኝ።

ረግረጉን አንተ በደህና ዘመኑ ነው የምታውቀው። አሁን ዶሮ አርቢው ጎረቤታችን ዶሮ ቤቱን በቱቦ ያጥብና እጣቢውን በቀጥታ ወደ መንገዱ ይለቀዋል። ዝናቡ ሲጨመርበት ከአስፋልቱ እስከ ደጃችን ያለው ነገር መንገድ መባሉ ቀርቷል። ቀለሙ አረንጓዴ ነው። ላዩ ላይ ላባ ይንሳፈፋል። ፀሐይ ስትወጣ አረፋ እያወጣ ይተነፍሳል፤ እውነቴን ነው፣ ቆመህ ብታየው ይተነፍሳል። ሰውዬውን አባ ኩስ ብለን የምንጠራው እኛ ብቻ አይደለንም፤ የገዛ ሚስቱም አምልጧት ሰምቻለሁ። እማዬ ግን፣ ታውቃታለህ፣ ስሙን አንስታ አታውቅም። "ከእንደሱ ዓይነት ጋር አፍ መካፈት ራስን ማዋረድ ነው፤ ንቃችሁ እለፉ" እያለች አይደል ያሳደገችን? እኔም ንቄ ሳልፍ ነው ቦቲዬን የቀበርኩት።

አሁን ወደ ጉዳዬ። የዚህ መንገድ ማኅበር ሊቀመንበር ማን መሰለህ? አዎ፣ እሱ። ማኅበሩ ለትራክተሩ የመደልደያ ሳጥን ሊገዛ ነው፤ ያ ከኋላ የሚታሰረው፣ ታቹ ክፍት የሆነው፣ አፈር የሚፍቀው የብረት ሳጥን። አባ ኩስ የሳጥኖቹን ሥዕል ይዞ "ይቺ ቢጫዋ ታምራለች" እያለ ይዞራል፤ ለሠርግ ጥሎሽ የሚመርጥ ነው የሚመስለው። አንተ የምትውለው እነዚህ ዕቃዎች በሚሸጡበት ግቢ ነው። የትኛው ምን እንደሆነ በሰው ቋንቋ ጻፍልኝ። ሐኪሙ "በመኪና ትሂድ፣ ግን እንዳትንገጫገጭ" ብሏል፤ እማዬም "ተሸክማችሁኝ አልገባም" ብላለች። እናታችን ቤቷ የምትገባው ወይም ያንተ ግድግዳ ላይ አፍጥጣ የምትቀረው በዚህ መንገድ ነው።

ባለቤቴ ሰላም ብሎሃል። የሚናገረው ያንኑ ብቻ ነው።

እህትህ፣ ባለ አንድ ቦቲዋ

*

ሐምሌ 13

እትዬ፣

ለሟች ነፍስ ይማር። ለቀኝ ቦቲሽ መጽናናትን እመኛለሁ፤ ከእንግዲህ ብቻውን የት ይሄዳል?

ደብዳቤሽ ሸቷል። በኪሴ ይዤው ሥራ ብገባ የመጋዘኑ ሰው "አይጥ ሞቶብሃል?" አለኝ። አልተቀየምኩሽም፣ እዚህም ከዚህ የተሻለ መዓዛ የለም። እማዬ የምትቀመጥበት መስኮት የሚያየው የሰፈሩን ቆሻሻ ገንዳ ነው። "ይሄ ድመት ትናንትም እዚህ ነበር፣ ዛሬ ሆዱ ተነፍቷል" እያለች ዜና ታነብልኛለች። እማዬ ደህና ናት። ደህና ስልሽ ደህና ናት ማለቴ ነው።

ሳጥኖቹን በተመለከተ። ቁጭ በይና አንብቢው፤ የምጽፈው አለቃዬ አፍንጫ ሥር ተደብቄ ነው።

ቀጭኑ የመጀመሪያው ነው። ቀለሙ ከብረቱ ይወፍራል። ቀላል ስለሆነ መሬቱን አይነክስም፣ ላዩ ላይ እየዘለለ ይሄዳል፤ ድንጋይ ካገኘ ደግሞ እንደ ወረቀት ይታጠፋል። አለቃዬ ተሰብሮ የተመለሰውን ጭቃውን ያስጠርግና አዲስ ቀለም አስቀብቶ ፊት ለፊት ያቆመዋል፤ ትናንት አንዱ ቀለሙ ሳይደርቅ ተሸጦ ገዢው እጁን ቢጫ አድርጎ ሄደ። የአባ ኩስ ቆንጆ እሷ ናት። ሥዕሉን ሳላየው እምልልሻለሁ።

ቀጥሎ ጀርባው ድፍን የሆነው አለ። ከባድ ነው፣ አራቱም ጎኑ አንድ ላይ የተበየደ ነው። መሃሉ ላይ ጥርሶች አሉት፤ ደረቅ መሬት ይቧጥጣሉ፣ ሳጥኑ ደግሞ የተቧጠጠውን ሰብስቦ ይጎትታል። ጉድጓድ መሙላት ከፈለግሽ ጥሩ ሠራተኛ ነው። ችግሩ የዋህ አለመሆኑ ነው። ትራክተሩ ፊቱን ቀና ባደረገ ቁጥር ይነክሳል፣ ባጎነበሰ ቁጥር ይተፋል። የለመደ እጅ ካልያዘው መንገዱን እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ሸብሽቦት ያርፋል። የእማዬን ዳሌ አስቢና ይህን ዝለይው።

ሦስተኛው ጀርባው በማጠፊያ የተንጠለጠለው ነው። የኋላ ብረቱ እንደ ቤት በር ከላይ ታስሯል። ወደ ፊት ሲጎተት በሩ ትንሽ ወደ ኋላ ይከፈትና የመሬቱን ገጽ እየዳበሰ፣ ትርፉን አፈር እያሳለፈ ያለሰልሳል። ወደ ኋላ ሲገፋ ደግሞ ግጥም ብሎ ይዘጋና አፈሩን ይገፋል። ጥርስ ቢኖረውም እንደ ድፍኑ አጥብቆ አይነክስም፣ ግን ከኋላው የሚተወው መንገድ የተተኮሰ ሸሚዝ ነው። ጩኸቱ አይጣል ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ይጩህ። እኛ ለዘፈኑ አይደለም የምንገዛው።

ጥርሶቹን በዘይት ግፊት የሚያወርድና የሚያነሳም አለ፤ ከወንበር ሳይወርዱ ማለት ነው። የእሱን ሥዕል ለአባ ኩስ እንዳታሳዩት፣ ይወደዋል። ቱቦው የፈነዳ ዕለት ለጌጥ ይቀመጣል። ደግሞ ምንም ዓይነት ይሁን፣ ስፋቱ ከትራክተሩ የኋላ ጎማዎች ማነስ የለበትም፤ አለበለዚያ ጎማው ሳጥኑ የደለደለውን በጎን እየፈነቸረው ይሄዳል።

ሦስተኛውን ያዙ። በእጅሽ ጣትም ቢሆን ጎትተሽ ሦስተኛውን አስገዢ።

ወንድምሽ

*

ሐምሌ 22

ወንድሜ ሆይ፣

ሾፌሩ ዓይኔ መቅላቱን እንደነገረህ ነግሮኛል፤ አይ፣ አላለቀስኩም። ዓይኔ የቀላው ከጭሱም ከሐዘኑም አይደለም፣ ከአየሩ ነው። ሾፌሩ ዝርዝር የማያሳልፍ ሰው መሆኑን አሁን አወቅኩ።

ስብሰባው ተደርጓል። የት? እዚያው በረግረጉ ዳር፣ አባ ኩስ በር ላይ፣ "ችግሩን በዓይናችን እያየን እንድንወያይ"። ሁላችንም አፍንጫችንን በጨርቅ ሸፍነን ስንቀመጥ ቀዶ ጥገና ልንጀምር ነበር የምንመስለው። ሰውዬው ምን አድርጎ ተቀበለን መሰለህ? የተቀቀለ እንቁላል አዞረ! በዚያ አረንጓዴ ባሕር ዳርቻ! አንዱ ሽማግሌ ለይሉኝታ ጎረሰና መዋጡም መትፋቱም አቅቶት ስብሰባው እስኪያልቅ ጉንጩ ውስጥ ይዞት ቆየ። ድምፅ ሲሰጥ እንኳ እጁን ነው ያወጣው፣ አፉን አልከፈተም።

"እንግዲህ ይቺ ቢጫዋ…" ብሎ ጀመረ።

"ቢጫዋ ትታጠፋለች" አልኩ።

"አንቺ ደግሞ ስለ ብረት ከመቼ ወዲህ?"

"የበያጅ ሚስት ነኝ። አንድ አልጋ ላይ ነው የምተኛው፣ ፍንጣሪው ይደርሰኛል።"

ሰው ሳቀ። እሱ ግን ቀላና "ጥሩ፣ እንግዲያው ድፍኑን። ጠንካራ ነው፣ የማያወላዳ ነው" አለ። እዚህ ላይ ያንተን ጽሑፍ ባነብለት እልህ ይጋባና ቢጫውን ይገዛል። ስለዚህ ጠጋ ብዬ፣ ሽታውን ችዬ፣ "ልክ ነዎት፣ ድፍኑ ለተራ ሰው ይበቃል፤ ጀርባው የሚከፈተውን የሚገዙት እነዚያ ትልልቆቹ እርሻዎች ናቸው፣ እኛ ለእሱ አልደረስንም" አልኩት። ጉሮሮውን ጠራረገ። ተነሥቶ ቆመ። "ድሮም እኔ ስል የነበረው ጀርባው የሚከፈተውን ነው" አለ። ንቄ አለፍኩት። እማዬ ብታየኝ ትኮራ ነበር፤ አንድ ክፉ ቃል አልወጣኝም። ቤቴ ገብቼ ግን ለላሞቹ ስሙን ከነትውልዱ ነገርኳቸው።

ሳጥኑ ከትናንት በስቲያ መጥቷል፣ ሰፊ ነው፣ ከባድ ነው፣ ያልከው ሁሉ አለው። ትራክተሩን የሚነዳው ባለቤቴ እንዲሆን ተስማምተዋል፤ ከእሱ በቀር ረግረጉ ውስጥ ለመግባት የተስማማ ስለሌለ። ብረቱ (ሰፈሩ ሁሉ ባለቤቴን አሁን በዚህ ቅጽል ነው የሚጠራው፣ አንተም ልመድ) ዞሮ ዞሮ አየው። የኋላውን በር በእግሩ ነካ አደረገው። በሩ ቋ አለ። እንደገና ነካው፤ እንደገና ቋ። ከዚያ ዞሮ መበየጃውን አየ። መበየጃውን እንዲያ ሲያየው ደስ አይለኝም።

እማዬ ምግብ ትበላለች? እውነቱን።

እህትህ

*

ነሐሴ 2

እትዬ፣

ሾፌሩ ትናንት ያመጣልኝን አጭር ወረቀትሽን ካነበብኩ ጀምሮ አንድ ጥያቄ ነው ጭንቅላቴ ውስጥ የሚዞረው፤ በየደው? የኋላውን በር? ማጠፊያውን ከነበሩ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ በየደው?

"ሲነቃነቅ ስላየው ተሰብሮ የመጣ መስሎት ነው" ትያለሽ። እኔ እዚህ የዕቃ ቤት ሠራተኛ ሆኜ አለቃዬ ፊት ቆሜ፣ ለዕቃው ዋስ ሆኜ፣ በስንት ልመና ያስላክኩት ሳጥን! የዚያ ሳጥን ዋናው ነገሩ እኮ መነቃነቁ ነው! ያ በር ካልተንቀሳቀሰ ሦስተኛው ዓይነት መሆኑ ቀርቶ ሁለተኛው ዓይነት ነው፤ ያውም የተለጣጠፈ ሁለተኛ። ያስመረጥኩሽን ከመረጥሽ በኋላ፣ የከለከልኩሽን በቤታችሁ አመረታችሁት!

ይሄን የሚያደርግ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፣ እሱንም እኅቴ አግብታዋለች። ሰዓት ብትሰጪው ዘንጉን ይበይደዋል። እንቅልፍ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ሲከፍት የዓይኑ ቆብ አለመበየዱ ይገርመኛል። ጭንቅላቱ ውስጥም አንድ ማጠፊያ ነበረች፣ በስንት ዘመኗ እሷንም በይዷታል መሰለኝ፣ አሳብ መግባትም መውጣትም አቁሟል። የመበየጃ ኤሌክትሮዱን ወስደሽ ረግረጉ ውስጥ ጣይልኝ! እሱንም አብረሽ!

እየጻፍኩ በግራ እጄ ጠረጴዛ እደበድባለሁ። እሱ ቢያየኝ እጄንም ይበይድልኝ ነበር።

ስለ ምግቡ፦ ትበላለች። ደህና ናት።

ወንድምሽ

*

ነሐሴ 10

ወንድሜ፣

የጻፍከውን አንብቦታል።

"ስለ ሳጥኑ ምን አለ?" ብሎ እጁን ሲዘረጋ ልደብቀው አልቻልኩም። ቆሞ አነበበው። ስለ ዓይን ቆቡ የጻፍከው ጋ ሲደርስ ፈገግ አለ፣ ስለ ማጠፊያዋ ሲደርስ ፈገግታው ጠፋ። ከዚያ አጥፎ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ወዲህ "እራት ደርሷል" ስለው "እሺ" ይላል፣ "ዘነበ" ስለው "እሺ" ይላል።

መንገዱ እንዳልከው ሆኗል፣ ደስ ይበልህ። ዝናቡ ፋታ በሰጠበት ሳምንት አፈር እየጎተተ ረግረጉን ሸፈነው፤ ግን ገጹ ሽብሽብ፣ ሽብሽብ ነው። ሾፌሩን ለምኜ በወተት መኪናው እስከ ደጃችን አስነዳሁት። እማዬን ሆኜ ነው የተቀመጥኩት፣ እጄን ዳሌዬ ላይ አድርጌ። ከንፈሬን ነከስኩ፣ ጥርሴ ተንገጫገጨ፣ ጣሪያው አናቴን አገኘው። ከታች ያለው ጉድ ደግሞ በየስንጥቁ ቡልቅ እያለ የመኪናውን መስታወት በአረንጓዴ ረጨው። ደርሰን የወተቱን ጋን ስንከፍተው ላዩ ላይ ቅቤ ሊይዝ ዳር ዳር ይላል። ሾፌሩ አየና "እታለም፣ ይሄ እኮ መንገድ አይደለም፣ መናጫ ነው" አለኝ። እማዬ በዚህ አትገባም። ብትገባ ዳሌዋ ድጋሚ ይለያያል።

ቆርጠህ ክፈተው ብለው "አይሆንም" አለ። "ለምን?" ብለው ወደ ላሞቹ ሄደ። ስለዚህ ልነግርህ ያልፈለግኩትን ልነግርህ ነው፤ የምትሰድበው ይህን ሳታውቅ ስለሆነ።

ያንን ሳንቃ ያጋደመው እሱ ነው። በዚያው እማዬ በወደቀችበት ጠዋት። በእግሩ ረግጦ ሞክሮት "እማማ፣ በዚህ ይሻገሩ፣ አይነቃነቅም" ያላት እሱ ነው። እሷ ከሆስፒታል ሆና "ሳንቃው ተነቃነቀ" ስትል በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚህ ቤት የሚነቃነቅ ነገር አልቀረም። የሚታጠፈው ወንበር አይታጠፍም። ጠረጴዛው ከወለሉ ብረት ጋር ተጋብቷል። መስኮቱ ተበይዶ ሽታው ከገባበት አይወጣም፤ የግቢው በር ተበይዶ ሾልኬ ነው የምወጣው፣ በአጥሩ ቀዳዳ፣ ከነጋኑ! እኔ ስቄ ነው የተውኩት። ሲበይድ ፊቱን በጭምብሉ ስለሚሸፍን ምን እንደሚመስል አላየሁም። አንድ ቀን ጭምብሉን ሲያነሳ ግን አየሁት።

አሁን ያ ሳጥን ሲንኳኳ የሚሰማው ምን እንደሆነ አንተ አስበው። ስታስበው ደግሞ እንደ ሰው ጻፍለት።

ሌላው፦ ሾፌሩ "እናትሽ ሰላም አልሰጠችኝም፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነበር" አለኝ። አንተ "ደህና ናት" ስትል መጥፎ ማለት መሆኑን ከሕፃንነትህ ጀምሮ አውቃለሁ። ንገረኝ።

እህትህ

*

ነሐሴ 17

እትዬ፣

መጀመሪያ ለእሱ ነው። ጮክ ብለሽ አንብቢለት፣ ላሞቹም ይስሙ።

ጋሼ፣ ስለ ጭንቅላትህ የጻፍኩትን በሙሉ አንስቻለሁ። ስለ ዓይን ቆብህ የጻፍኩትን እንድታስቀርልኝ እለምናለሁ፣ ወድጄዋለሁ። ብየዳህን በተመለከተ እኅቴ እንደገለጸችልኝ ከሆነ እኛ ግቢ ከሚሸጡት ሁሉ የጠበቀ ነው፤ አለቃዬ ቢያየው ቀለም ቀብቶ ይሸጠው ነበር። ግን ስማኝ። ያ በር የላላ አይደለም። ሠሪው ሆን ብሎ ነው የለቀቀው። ድንጋይ ሲመጣ በሩ ይሸሻል፣ ጉድጓድ ሲመጣ ይወርዳል፤ መሬቱ ያለችውን እየሰማ ነው የሚሄደው። ሲንኳኳ ሥራ ላይ ነው ማለት ነው። ዝም ያለ ቀን ነው አንተ የምትደነግጠው። ቆርጠህ ስትጨርስ ሳጥኑን ከትራክተሩ ጋር የሚያስረውን የላይኛውን ክንድ ትንሽ አርዝመው፣ ጥርሶቹን አንሣቸው፣ ቀስ ብለህ ንዳው። ሌላው ሥራ የበሩ ነው።

አሁን ለአንቺ፣ እትዬ። ደህና አይደለችም። ምግብ ታስመጣና ታንሸራሽራለች። የድመቱን ዜና ማንበብ አቁማለች። ድምፅ ማጉያውን ክፈት ማለት ከተወች ሰነበተች፤ እንድትነቃቃ ብዬ ስልኩን በውሸት ይዤ "እትዬ ናት" ብላት "አዋራት" ብላ ትዞራለች። መንገዱ ደረሰ ወይ ብላ መጠየቋንም ትታለች። ቤቴ ጠባብ ነው፣ ደረጃው ቁልቁል ነው፣ ከታች ያለው ሰውዬ ቀኑን ሙሉ የተረፈ ሾርባውን በመስኮት ይደፋል፤ እዚህ ክፍል ውስጥ ሰው እንዲህ ሆኖ ሲጨርስ ማየት እንደማልችል ልነግርሽ አፍሬ ነው ደህና ስልሽ የኖርኩት።

ትናንት ግን አንድ ነገር ሆነ። የአንቺን ደብዳቤ አንብቤ ስቀመጥ ፊቴን አይታ "ደግሞ ምን ሆነህ ነው እንደ ኮሶ የሆንከው?" አለችኝ። ደብቄ መኖር ስለሰለቸኝ ነገርኳት። ሳጥኑን፣ በሩን፣ ብየዳውን። በሩን እንደበየደው ስትሰማ ሳቀች! እትዬ፣ ሳቀች፣ ዳሌዋን ይዛ "አትበለኝ፣ ያመኛል" እያለች ሳቀች። ወንበሩን ነገርኳት፣ ሳቀች። የግቢውን በርና አንቺን በአጥር ቀዳዳ ከነጋኑ ስነግራት እንባዋን ጠረገች። ከዚያ "ምን ነካው እንዲህ የሚያደርገው?" አለች። ሳንቃው ነው አልኳት።

ሳቋ እዚያው ቆመ። "ሳንቃ ነው ያልኩት እኮ፣ እሱን መቼ አልኩ?" አለች። ከዚያ ምግቧን ጎትታ መብላት ጀመረችና አፏ ሞልቶ "መንገዱን ቶሎ ይጨርስና ይውሰዱኝ። ለዚያ ልጅ ፊት ለፊት የምነግረው ነገር አለኝ" አለች። ምንድነው ብላት "ላንተ አይደለም፣ ብላ" አለችኝ። ሳህኑ ባዶ ሆነ። አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ስለ ድመቱ ጠየቀችኝ።

ፍጠኑ።

ወንድምሽ

*

መስከረም 4

ይድረስ ለወንድሜ፣

ሾፌሩ እማዬን በሰላም አድርሷታል፤ ልትጠይቀኝ የነበረው ይህ ስለሆነ መጀመሪያ ጻፍኩት።

ደብዳቤህን ላሞቹ ፊት አነበብኩለት። ካነበብኩ በኋላ "ሸሽቶ ነው የሚመለሰው?" ብሎ ስለ በሩ ጠየቀኝ። እኔ ምን አውቄ፤ "አዎ" አልኩት። መቁረጫውን አንሥቶ ወጣ። ቆርጦ ሲጨርስ በሩን በእግሩ ነካ አደረገው። ቋ። ቆሞ አዳመጠው። ደግሞ ነካው። ከዚያ ትራክተሩ ላይ ወጣ፤ ሰፈሩም ያን ቋ፣ ቋ፣ ቋ ሲሰማ ሰነበተ። አባ ኩስ "ዶሮዎቼ እንቁላል መጣል አቆሙ" ብሎ ሊከስ መጣ። "ክስዎን ለሊቀመንበሩ ያቅርቡ" አልኩት።

ሽብሽቡ ጠፋ። መሃሉ ከፍ፣ ወደ ጎን ዝቅ አድርጎ ነው የሠራው፣ ውሃ እንዳይቆም። ዝቅታው ወደ የት ጎን እንደሆነ አልጠየቅኩትም፤ ሲዘንብ ግን ያ አረንጓዴ ነገር ከነላባው፣ ከነአረፋው እየተንፏቀቀ ወደ መጣበት፣ ወደ አባ ኩስ በር ተመለሰ። ሰውዬው በሩ ላይ ቆሞ አፍንጫውን ይዞ አየሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሸተተው።

ደግሞ ባለቤቴ ለረግረጉ ዳር ብቻ ጥርሶቹን በእጁ አውርዶ ሲያስቧጥጥ ሳጥኑ አንድ ነገር ነክሶ አወጣ። የግራ ቦቲዬ! ከአፉ እስከ ጣቱ ሞልቶ ነበር። ምን እንደሞላው አልጽፍልህም፣ ምናልባት እራትህን አልበላህ ይሆናል፤ ውስጡ ይንቀሳቀስ ነበር ብልህ ይበቃል። ባለቤቴ በእንጨት ይዞ አጥቦ ከነመንታው ደጅ አቆመልኝ። ለጊዜው እግሬን አላስገባሁም። እንግባባለን።

እማዬ ትናንት መጣች። ሾፌሩ ቀስ ብሎ ሲነዳ ጭኗ ላይ ሙሉ ኩባያ ወተት ይዛ ነበር፣ "እስቲ መንገዳችሁን ልፈትን" ብላ። አንድ ጠብታ አልፈሰሰም። ሳንቃው የነበረበት ጋ ስትደርስ "አቁም" አለችው። በምርኩዟ ወረደች። ባለቤቴ ትራክተሩ አጠገብ ቆሞ ነበር፤ ወደ እሷ ለመሄድም ለመሸሽም አልቆረጠም። "ና ወዲህ" አለችው። ሄደ። አንገቱን በእጇ ሳብ አድርጋ በጆሮው ረጅም ነገር ነገረችው። መጀመሪያ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ የአፈር ክምሩ ላይ ቁጭ አለ። ጭምብል አላደረገም። ሲስቅ ይሁን ሲያለቅስ ለመለየት ጥቂት ጊዜ ወሰደብኝ፤ ሁለቱንም ነበር። ከዚያ ተነሥቶ ሄደና የግቢውን በር ቆርጦ ከፈተው። በበሩ ነው የገባችው፣ በእግሯ።

የነገረችውን እኔ ልጽፍልህ አልተፈቀደልኝም። እሷ አሁን አጠገቤ ተቀምጣ እንደሚከተለው እያስጻፈችኝ ነው፤ "በደንብ፣ እንደ መሥሪያ ቤት አድርገሽ ጻፊው" ብላለች።

እህትህ፣ ባለ ሁለት ቦቲዋ

እርማት

በእናታችን ትእዛዝ፣ አማቻቸው በተገኙበት ተጽፎ የተላለፈ።

ሐምሌ 6 ቀን በተላከው ደብዳቤ "ሟች" ተብሎ የተገለጸው የግራ ቦቲ በሕይወት የተገኘ በመሆኑ ዜና ዕረፍቱ ተሰርዟል፤ በስህተቱ ላዘኑ ሁሉ ይቅርታ እንጠይቃለን።

በዚያው ደብዳቤ "ሳንቃው ተነቃነቀና ጣላት" ተብሎ የወጣው ዘገባ ከእውነት የራቀ ነው። እናታችን በዕለቱ ሳንቃው መሃል ሲደርሱ፣ ልጆቻቸውን "ንቃችሁ እለፉ" እያሉ ያሳደጉ መሆናቸውን ለጊዜው ዘንግተው፣ ወደ ዶሮ አርቢው በር ዞረው ስለ ግለሰቡና ስለ ዶሮዎቹ ያላቸውን አስተያየት በከፍተኛ ድምፅ በማሰማት ላይ ነበሩ። ንግግራቸውን በምራቅ ለመደምደም ወደ ፊት ሲያዘነብሉ እግራቸው ስቶ ወድቀዋል። ይህ እንዳይታወቅባቸው ጥፋቱን በሳንቃው ላይ ማድረጋቸውን አምነዋል። የምራቁ ዒላማውን መምታት አለመምታት አልተጣራም።

ስለዚህ "ተነቃነቀ" የሚለው ቃል ወጥቶ፣ በቦታው "ሳንቃውም ያጋደመውም ሰው ቀጥ ብለው ነበር፣ የተነቃነቅኩት እኔ ነኝ" ተብሎ እንዲነበብ።